ለውሻ ቤት ውስጥ ማብሰል፦ ለትልቁ ይሆናል፣ ለቡችላው አይሆንም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ሁለት ውሾች አሉኝ። አንዱ አራት ዓመት የሞላው የአገር ውሻ ሲሆን 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሌላው አምስት ወሩ ነው፣ የጀርመን ሼፐርድ ድቅል፣ 12 ኪሎ። ከአዲስ አበባ የማስመጣው ደረቅ ምግብ ዋጋው ስለከበደኝ ካቆምኩ ሁለት ወር አለፈ። አሁን የሚበሉት ከልኳንዳ የማመጣውን ሳንባና ቅንጥብጣቢ ጥሬውን፣ የአጥንት መረቅ በእንጀራ፣ ከቤት የተረፈ ወጥም ነው። ከዚህ በኋላ ሁሉንም ራሴ እያበሰልኩ ልመግባቸው አስቤያለሁ፤ ብስኩትም ብሠራላቸው ደስ ይለኛል። አጎቴ ጥሬ ሥጋና በርበሬ ውሻን ኃይለኛ ያደርጋል ይላል። እናቴ ደግሞ በጾም ወቅት በድስቷ ሥጋ እንዲበስል አትፈቅድም። የቡችላው የፊት እግሮች ሰሞኑን ጎበጥ ብለዋል፤ ጎረቤታችን ዝርያው ነው አለኝ። ምን ላብስልላቸው?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው እጀምራለሁ፤ የሚያጣድፈው እሱ ነው። የጀርመን ሼፐርድ ከኋላው ዝቅ ብሎ ይቆም ይሆናል እንጂ የፊት እግሩ ቀጥ ያለ ነው። በሁለት ወር ውስጥ የጎበጠ የፊት እግር «ዝርያው ነው» ተብሎ አይታለፍም። የጻፉልኝን የምግብ ዝርዝር ከእግሩ ጋር ሳገናኘው የምጠረጥረው የካልሲየም እጥረትን ነው። ሳላየው አልፈርድም፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውስጥ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። ሲሄዱ ያለፈውን ሁለት ወር ምን ምን እንደበላ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ቡችላው ደረጃ እንዳይወጣ፣ ከከፍታ እንዳይዘል፣ ከትልቁ ጋርም እንዳይታገል ያድርጉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሥጋ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። በግማሽ ኪሎ ቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው 50 ሚሊግራም ቢደርስ ነው፤ ፎስፈረሱ ግን ወደ 1,000 ሚሊግራም ይጠጋል። ሳንባም ከዚህ ብዙ አይለይም። የእርስዎን ቡችላ የሚያህል በማደግ ላይ ያለ ውሻ በቀን ወደ 2,700 ሚሊግራም ካልሲየም ይፈልጋል። የጤፍ እንጀራ ከሌላው እህል የተሻለ ካልሲየም ቢኖረውም ይህን ክፍተት የሚሞላ አይደለም። ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከወረደ ልብም ጡንቻም በአግባቡ ስለማይሠሩ፣ አንገት ላይ ያለው ፓራታይሮይድ የተባለ ዕጢ ካልሲየሙን ከአጥንት እየመዘዘ ወደ ደም ይልካል። አጥንቱ ይሳሳል፣ ይለሰልሳል፣ በገላው ክብደት ይጎብጣል። ሲብስ ከወንበር ዘሎ ሲወርድ ይሰበራል። ይህ ሁሉ የሚደርሰው ቡችላው ሆዱ ሞልቶ፣ ፀጉሩም እያብለጨለጨ ሊሆን ይችላል። ባለቤቶች የሚዘናጉትም ለዚህ ነው፤ «ሥጋ እየበላ እንዴት ይጎዳል?» ይላሉ።

የአጥንት መረቅ ይህን ይሞላል የሚለው እምነት ለሰውም ለውሻም ሲነገር የኖረ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። አጥንት ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ ካልሲየሙ እዚያው አጥንቱ ውስጥ ይቀራል። ወደ መረቁ የሚወጣው ጣዕም፣ ቅባትና ጄላቲን ነው። ፀሐይ ላይ ማስተኛትም መፍትሔ አይሆንም። ሕፃን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው ቆዳው ቪታሚን ዲ ስለሚሠራለት ነው፤ የውሻ ቆዳ ግን በበቂ መጠን አይሠራም። ከምግብ ካላገኘ የኮምቦልቻ ፀሐይም አያድነውም።

«እንግዲያው የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ ልጨምርለት» ይሉ ይሆናል። ለቡችላው በግምት አይጨምሩ። የቡችላ አንጀት የተትረፈረፈ ካልሲየም ሲመጣበት ትርፉን መመለስ አይችልም፤ በተለይ እንደ ሼፐርድ ገና ብዙ በሚያድግ ዝርያ ላይ ከመጠን ያለፈ ካልሲየም ራሱ አጥንትና መገጣጠሚያ ያበላሻል። ሲያንስም ሲበዛም የሚጎዳ ነገር በማንኪያ ግምት አይያዝም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ለሁለቱም ሳይሆን ለትልቁ ብቻ ያብስሉ። ያለዎትን ገንዘብ ለቡችላው በሚሆን ደረቅ ምግብ ላይ ያውሉት፣ የሚያበስሉትን ደግሞ ለትልቁ ይስጡ። ለዚህ ቡችላ በቀን 250 ግራም ገደማ ደረቅ ምግብ ይበቃዋል፤ ይህም በወር 7 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው፤ ሲያድግ ይጨምራል። ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ለቡችላ፣ ቢቻል ለትልቅ ዝርያ ቡችላ የሚል ይፈልጉ። የአዋቂ ውሻ ምግብ በዋጋ ቢቀንስም አይተካውም። ዕድሜው ከአንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ስለ ቤት ምግብ እንደገና መነጋገር ይቻላል።

አሁን ወደ ወጡ። የአጎትዎ በርበሬ የሚያደርገው ጨጓራ ማቃጠል ብቻ ነው፤ ሆዱ የተቃጠለ ውሻ ቢነጫነጭ ጀግንነት አይባልም። ከበርበሬው ይልቅ የሚያስፈራኝ ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ ማብሰል፣ ማድረቅ ወይም መፍጨት ይህን አያጠፋውም። በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ቀይ ሽንኩርት ደም ላይ ለውጥ ያመጣል። ለቡችላዎ ስናሰላው ከ180 ግራም ይጀምራል፤ ሁለት መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሲቁላላ መጠኑ ስለሚያንስ በአንድ ጭልፋ ውስጥ ስንት ራስ እንዳለ ዓይን አይለየውም። ትንሽ ትንሽ በየቀኑ መስጠትም አያድንም፤ ጉዳቱ ይጠራቀማል። ምልክቱ በልቶ በማግስቱ ሳይሆን ከጥቂት ቀናት በኋላ ይመጣል፤ ድዱ ይነጣል ወይም ቢጫ ይመታል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ትንሽ ተራምዶ ያለከልካል። ይህን ካዩ እስኪነጋ አይጠብቁ። የሽሮ ዱቄትም ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ስለሚገባበት «ሽሮ ምንም የለው» ተብሎ አይሰጥም።

ጥሬ ሳንባው ከውሻው አልፎ እርስዎንም ቤተሰብዎንም የሚነካ ጉዳይ ነው። ወሎ በግ የበዛበት አገር ነው። በበግ፣ በፍየልና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ብዙ ጊዜ ይገኛሉ፤ በቄራ ምርመራ ሳንባ ከሚወገድባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ውሻ ያንን ጥሬውን ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን የኮሶ ትሎች ይፈላሉ፤ ከስድስትና ሰባት ሳምንት በኋላ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። እንቁላሉ ከውሻው ፀጉር ወደ ልጅ እጅ፣ ከጓሮ አፈር ወደ ሰላጣ ይሄዳል። ሰው ሲውጠው ያው ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያድጋል፤ ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ በሽታ ነው። ውሻው ግን ምንም ሕመም ላያሳይ ይችላል። የበግ ጭንቅላት ጥሬውን የሚበላ ውሻም ሌላ ትል ይይዘዋል፤ ያ ትል ወደ በጎቹ ተመልሶ አንጎላቸው ውስጥ ይቀመጥና እየዞሩ እንዲወድቁ ያደርጋቸዋል።

ሁለቱም ውሾችዎ ሁለት ወር ሙሉ ጥሬ ሳንባ በልተዋልና ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት በክብደታቸው ልክ ከሐኪም ይውሰዱላቸው። ለከብት የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ኮሶን አይገድልም፤ «መድኃኒት ወስዷል» ከማለትዎ በፊት የትኛውን እንደወሰደ ይጠይቁ። መድኃኒቱን በወሰዱ ሰሞን ዓይነ ምድራቸውን በጓንት እያነሱ በጥልቅ ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። በፋሲካና በዓረፋ ጓሮ ውስጥ ሲታረድ ውሾቹ ታስረው ይቆዩ፤ የተጣለ ሳንባና ጉበት ለእነሱም ለሰፈሩ ውሻም መድረስ የለበትም።

ሳንባ አይሰጥ እያልኩ ግን አይደለም። በደንብ የተቀቀለ ሳንባ ርካሽና ጥሩ ፕሮቲን ነው። ከረጢቶቹን ለመግደል የሚመከረው 30 ደቂቃ መቀቀል ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሳንባውን በትንንሹ ቆርጠው ከፈላ በኋላ 45 ደቂቃ ይቀቅሉት። ሳንባ ውሃው ላይ ስለሚንሳፈፍ የላይኛው ክፍል ጥሬ እንዳይቀር በክዳን ወይም በሳህን ይጫኑት።

ለትልቁ ውሻ የሚሆነው የአንድ ቀን ምግብ እንዲህ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን፣ ግቢ ውስጥ የሚውል አዋቂ ውሻ በቀን 1,000 ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል። ጮማው የወጣለት 250 ግራም ሥጋ (ከዚህ ውስጥ የተወሰነው የተቀቀለ ሳንባ ሊሆን ይችላል)፣ 400 ግራም የበሰለ ሩዝ ወይም የገብስ ቅንጬ፣ 100 ግራም የተቀቀለ ካሮት ወይም ዱባ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ሥጋው ሲመዘን ጥሬውን ነው፤ እህሉ ደግሞ ከበሰለ በኋላ። ጉበት በሳምንት ሁለት ጊዜ ከ50 ግራም ያልበለጠ ሥጋውን ይተካ፤ ከዚያ በላይ ሲዘወተር ቪታሚን ኤ ይጠራቀማል። በዘይት የታሸገ ሳርዲን፣ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጨመር ለቪታሚን ዲ ጥሩ ነው፤ በቲማቲም ስጎ የታሸገውን ይተዉት፣ ሽንኩርት ሊኖርበት ይችላል። አዮዲን ያለው ጨው ቁንጥር ብቻ።

ካልሲየሙ እዚህ ላይ ነው የሚገባው፤ ያለ እሱ ይህ ምግብ የተሟላ አይሆንም። የእንቁላል ቅርፊት አጥበው 10 ደቂቃ ይቀቅሉ፣ በምጣድ ላይ ሳያሳርሩ ያድርቁ፣ ቡና መፍጫ ውስጥ እንደ ዱቄት አልመው ይፍጩና በወንፊት ይንፉት። ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ግራም ያህል ነው፤ ወደ 2 ግራም የሚጠጋ ካልሲየም ይይዛል። ለትልቁ ውሻ በቀን ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከሞቀ ምግብ ጋር ያዋህዱት እንጂ ላዩ ላይ አይበትኑት፤ ቀምሶ የሚተው ውሻ አለ።

ይህን ሁሉ አድርገውም ክፍተት ይቀራል፤ በተለይ ዚንክ፣ አዮዲንና ቪታሚን ኢ። እ.ኤ.አ. በ2013 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አሠራሮችን ፈትሸው 95 በመቶው ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሎት አግኝተዋል። ከነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ በባለሙያ የተጻፉ እንደሆኑ ሲታሰብ፣ እኔም ከላይ የጻፍኩት የተሟላ ነው ብዬ አልፈርምበትም። «አንድ ቀን ካሮት፣ አንድ ቀን ድንች እያፈራረቅሁ እሞላዋለሁ» የሚለውም አያዋጣም፤ ከምግቡ ሁሉ የጎደለ ነገር በማፈራረቅ አይገኝም። ቀላሉ መፍትሔ ከየቀኑ ምግብ ሩቡን በደረቅ ምግብ መተካት ነው፤ በቀን 70 ግራም፣ በወር 2 ኪሎ ያህል ይፈጃል። ያኔ ከላይ ካለው ልኬት እያንዳንዱን በሩብ ይቀንሱ፣ የቅርፊቱ ዱቄትም ግማሽ ማንኪያ ይበቃል። ለቤት ምግብ ተብሎ የተዘጋጀ የውሻ ቪታሚንና ማዕድን በሐኪምዎ በኩል ካገኙ ደግሞ ደረቁን መተው ይችላሉ። ለዶሮ ወይም ለከብት የተዘጋጀ ፕሪሚክስ (የቪታሚንና የማዕድን ድብልቅ) ግን አይጠቀሙ። የዶሮ መኖ ውስጥ ኮክሲዲያ ለተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ መከላከያ የሚጨመሩ መድኃኒቶች ውሻን ሊያሽመደምዱት ይችላሉ፤ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎም ልቡን ይጎዳል። በርካሽ ይገኛሉና ፈተናው እንዳለ አውቃለሁ።

ለውጡን በአንድ ቀን አያድርጉ፤ በአንድ ሳምንት ቀስ በቀስ ያስለምዱት። የበሰለው በማቀዝቀዣ ሦስት ቀን ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ሲመጣ የሰነበተውን ግን አሽትተው ሳይሆን ቀኑን ቆጥረው ይጣሉት።

ስለ አጥንት በአጭሩ፦ የበሰለ አጥንት፣ የዶሮም ይሁን የበግ፣ አይሰጥ። ሲበስል ይደርቃል፣ ሲታኘክ ይሰነጠቃል፣ አንጀት ይበሳል። ጮማም እንዲሁ፤ ከበዓል ማግስት የሚያስታውክ፣ ጀርባውን አጉብጦ የሚቆም ውሻ ብዙ ጊዜ ጨጓራ ሥር ያለው ቆሽት ተቆጥቶበት ነው።

የእናትዎ ነገር ትክክል ነው፤ ድስቱ የእሳቸው ነው። ውሻው ግን አይጾምም። የውሻ ድስትና ጭልፋ ለብቻው ይግዙና ጓሮ ውስጥ በከሰል ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ያብስሉ፤ ለውሻ የመጣ ጥሬ ሥጋ ከቤቱ ዕቃ ጋር እንዳይነካካ ሲባል ከጾም ውጭም ቢሆን የምመክረው ነው። ሥጋ ፈጽሞ በማይገኝበት ሰሞን በደንብ የተቀቀለና የተፈጨ ምስር ወይም ሽምብራ፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ ቅመም፣ የሥጋውን ግማሽ ሊተካ ይችላል፤ ሌላው ግማሽ የተቀቀለ እንቁላል ይሁን፤ የደረቁንም ምግብ ድርሻ ወደ ግማሽ ከፍ ያድርጉ። ሽምብራውን ሌሊቱን ያሳድሩት፤ በደሴ ከፍታ ሳይዘፈዘፍ ቶሎ አይበስልም። ያልበሰለ ጥራጥሬ የበላ ውሻ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ግቢውን ያገማል።

ብስኩቱ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ የተቀቀለና የተፈጨ ዱባ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ያለ ስኳር፣ ያለ ጨው፣ ያለ እርሾ አቡክተው፣ በስሱ ዳምጠው 60 ትንንሽ ቁራጭ ያውጡና በኦቨን ወይም በምጣድ ላይ በዝግታ እስኪደርቅ ያብስሉት። አንዱ 18 ካሎሪ ገደማ ነው። ከብስኩትና ከመሰል ነገር የሚመጣው ካሎሪ ከቀኑ አንድ አሥረኛ መብለጥ ስለሌለበት ለትልቁ አምስት፣ ለቡችላው አራት በቂው ነው። እኔ ግን ከብስኩቱ ይልቅ የተቀቀለ ሳንባ እንደ ጣት በስሱ ቆርጦ በምጣድ ማድረቁን እመርጣለሁ፤ ርካሽ ነው፣ ስቡ ትንሽ ነው፣ ውሻ ለእሱ የማያደርገው የለም። ጥሬ ካሮትም ለሚያኝክ ቡችላ ጥሩ ነው።

ብስኩት ሲሠሩ ሊጡን ከውሻው ያርቁ። እርሾ ያለው ጥሬ ሊጥ ሆዱ ውስጥ ሲገባ መፍላቱን አያቆምም፤ ሆዱን ይነፋል፣ አልኮልም ያመነጫል። የጠላ አተላም በዚሁ ምክንያት አይሰጥ። ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ የቡና አተላ፣ ከስኳር ነፃ የሚባለው ማስቲካ መርዝ ናቸው። ኦቾሎኒና በቆሎ ሻጋታ ከነካቸው አይጠቀሙ፤ በሻጋታው የሚፈጠረው አፍላቶክሲን በእሳት አይጠፋም፣ የውሻ ጉበት ደግሞ በቀላሉ ይሸነፍለታል። «ለሰው አይሆንም፣ ለውሻ ይሁን» ተብሎ የሚጣለው የሻገተ እንጀራም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ከበላው በኋላ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ካዩ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

ምግቡ ለትልቁ ውሻ መስማማቱን የሚያውቁት በሚዛን ነው። በወር አንድ ጊዜ አቅፈውት ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ከዚያ የራስዎን ክብደት ይቀንሱ። በመዳፍዎ ጎኑን ሲዳስሱት የጎድን አጥንቱ ሳይጫኑ መታወቅ አለበት፤ ከሩቅ የሚቆጠር ከሆነ ከስቷል፣ ፈልገው የሚያጡት ከሆነ ወፍሯል። ክብደቱ ከ21 ኪሎ ተኩል ካለፈ ከሩዙና ከዘይቱ ይቀንሱ፤ ሥጋውንና የቅርፊቱን ዱቄት እንዳሉ ይተዉአቸው።